ማን ነው የያዘው?

ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1969 በኒው ጀርሲ፣ መሬይ ሂል በሚገኘው የቤል ላብራቶሪ ዩኒክስ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሲጀምሩ በእጃቸው የነበረው ሌሎች እምብዛም የማይነኩት ፒዲፒ-7 ኮምፒውተር ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በፒዲፒ-11 ዘመን ተነቃይ ዲስክ መጣ። አርኬ05 የተባለው ዲስክ ሁለት ሜጋባይት ተኩል ገደማ ይይዛል፤ ዛሬ በስልክ የተነሳች አንዲት ጥሩ ፎቶ አትገባበትም። ያም ሆኖ አንዱን ስቦ አውጥቶ ሌላ መክተት መቻሉ ትልቅ ነገር ነበር። ጣጣውም የተወለደው ከዚያው ነው።

ዩኒክስ ዲስኮችን ለየብቻ አያስቀምጥም። አዲስ ዲስክ ሲገባ ማውንት በሚለው ኮማንድ ከነባሩ የፎልደር ዛፍ አንዱ ቅርንጫፍ ላይ ይሰካል፤ ከዚያ ወዲያ ተጠቃሚው የትኛው ፋይል በየትኛው ዲስክ ላይ እንዳለ ማወቅ አይጠበቅበትም። የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ደግሞ ለፍጥነት ሲል የተጻፈውን ሁሉ ወዲያው ወደ ዲስክ አያወርድም፤ ከፊሉን በሜሞሪ ይዞ ይቆያል። በዚህ መሃል አንዱ ተነስቶ ዲስኩን ቢነቅለው ግማሹ ጽሑፍ ደብዛው ይጠፋል። ስለዚህ ዲስክ ከመውጣቱ በፊት ዩማውንት በሚለው ኮማንድ መሰናበት ነበረበት። ከርነሉ አንዳንዴ እሺ ይላል፣ አንዳንዴ እምቢ።

እምቢ የሚለው በምን ስሌት እንደነበር ዛሬም መስመር በመስመር ማንበብ ይቻላል። ስድስተኛው የዩኒክስ እትም በ1975 ከወጣ በኋላ በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ጆን ላየንስ የከርነሉን ኮድ ከነማብራሪያው ለተማሪዎቹ አዘጋጅቶት ነበር። ዩማውንት ሲታዘዝ ከርነሉ መጀመሪያ በሜሞሪ የቀረውን ሁሉ ወደ ዲስክ ያራግፋል። ቀጥሎ በሥራ ላይ ያሉ ፋይሎች የተመዘገቡበትን ሰንጠረዥ ከላይ ወደ ታች ይወርደዋል። ሰንጠረዡ ለመላው ማሽን 100 ቦታ ብቻ ነው ያለው። ከመቶው በአንዱ እንኳ የዚያ ዲስክ ፋይል ከተገኘ ፍለጋው እዚያው ይቆምና የስህተት ቁጥር 16 ይመለሳል፤ ዲስኩ ተይዟል ማለት ነው። በማን ተያዘ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ለምን ሥራ፣ አንድም ቃል የለም።

ከርነሉ ክፋት ኖሮበት አይደለም። በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም ሁሉ ፕሮሰስ ይባላል፤ እያንዳንዱ ፕሮሰስ የከፈታቸውን ፋይሎች የሚይዝበት የራሱ ትንሽ ሰንጠረዥ አለው፤ በስድስተኛው እትም 15 ቦታ ነበረው። ያ ሰንጠረዥ ወደ ጋራው የክፍት ፋይሎች ሰንጠረዥ ይጠቁማል፣ እሱም አይኖድ ወደሚባለው የፋይሉ መዝገብ። መንገዱ ሁሌም ከፕሮሰስ ወደ ፋይል ነው፤ መመለሻ የለውም። አይኖዱ ላይ ስንት ጠቋሚ እንደመጣበት የሚናገር ቁጥር አለ፣ ከማን እንደመጣ ግን አልተጻፈም። የገባና የወጣውን እየቆጠረ ስም የማይጠይቅ የግቢ ዘበኛ ማለት ነው። ለከርነሉ ይህ ይበቃዋል፤ ቁጥሩ ዜሮ ሲደርስ ይለቃል፣ እስከዚያ አይለቅም። ስም የሚያስፈልገው ዲስኩን ለማውጣት ለቆመው ሰው ነው። የዚህ ታሪክ ጭቅጭቅ ሁሉ የመጣው ቁጥሩን የሚያውቀው አንዱ፣ ስሙን የሚፈልገው ሌላው ከመሆኑ ነው።

በተለይ የሚያናድደው ዲስክ ለመያዝ ፋይል መክፈት እንኳ የማያስፈልግ መሆኑ ነው። አንድ ሰው በተርሚናሉ ወደ አንድ ፎልደር ገብቶ፣ ምንም ሳይከፍት፣ ቡና ሊጠጣ ቢወጣ ያ ፎልደር ያለበት ዲስክ ተያዘ። ፕሮሰሱ የቆመበት ፎልደር ራሱ አንድ ጠቋሚ ነውና። እስከ ዛሬ ድረስ ዲስኩ አልወጣ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ጥፋተኛ የራሱ ሌላ መስኮት ነው።

ተጠቃሚዎቹ ሁሉ በአንድ ክፍል በነበሩበት ጊዜ ጮኾ መጠየቅ ይበቃ ነበር። ማሽኑ በስልክ መስመር ከየሕንፃው የሚገቡ ሰዎች ሲበዙበት ግን ጩኸት አይደርስም። ፒኤስ የሚባለው ኮማንድ እየሠሩ ያሉትን ፕሮሰሶች ይዘረዝራል፤ ማን ምን እንደያዘ ግን አይናገርም።

በ1980ዎቹ የቤል ላብራቶሪ ባለቤት የነበረው የኤቲ ኤንድ ቲ የዩኒክስ የንግድ እትም በሆነው ሲስተም ፋይቭ ላይ ኤፍዩዘር የተባለ አጭር ኮማንድ ብቅ አለ። የፋይል ወይም የዲስክ ስም ሲሰጡት የያዙትን ፕሮሰሶች ቁጥር ይደረድራል፤ ከቁጥሩ ጎን አንዲት ፊደል ያስቀምጣል። ሲ ከሆነ ፕሮሰሱ እዚያ ፎልደር ውስጥ ቆሟል፤ አር ከሆነ ፎልደሩን እንደ ዛፉ ሥር አድርጎ ይዞታል። ደራሲዎቹ አንድ ብልሃት ጨምረውበታል፤ ቁጥሮቹ በዋናው የውጤት መስመር ይወጣሉ፣ ፊደሎቹ ደግሞ በስህተት መልእክት መስመር። ሰው በስክሪኑ ላይ ሁለቱንም አንድ ላይ ያነባል፤ ውጤቱ ወደ ሌላ ኮማንድ ሲተላለፍ ግን ንጹህ ቁጥር ብቻ ይደርሳል። መቼም የዚያ ሌላ ኮማንድ ሥራ ምን እንደሆነ መገመት አያቅትም፤ ፕሮሰስ መግደል ነው። ይህንንም አላስቀሩም፤ ኬ የሚለውን ምርጫ የጨመረ ሰው ጥያቄና ፍርዱን በአንድ ጊዜ ይጨርሳል።

ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠቀሙበት የበርክሊው ዩኒክስ ቢኤስዲ ግን ኤፍዩዘር አልነበረውም። የሚገርመው፣ መፍትሔው በዚያው ሰሞን ቤል ላብራቶሪ ውስጥ ተወልዷል። ቶም ኪሊያን በ1984 በሶልት ሌክ ሲቲ በተካሄደው የዩዝኒክስ ጉባኤ ላይ ፕሮሰሶችን እንደ ፋይል የሚያሳይ ሥራ አቀረበ። ፕሮክ በሚል ፎልደር ሥር እያንዳንዱ ፕሮሰስ በቁጥሩ የተሰየመ ፋይል ሆኖ ይታያል፤ ከፍቶ ማንበብ ይቻላል። ኪሊያን ያሰበው የፕሮግራም ስህተት ለሚያድኑ ሰዎች ነበር። ሐሳቡ የተካተተበት ስምንተኛው እትም ደግሞ ከላብራቶሪው ብዙም ርቆ አልሄደም። ስለዚህ ውጭ ያለው ዓለም መንገዱን በራሱ፣ በአስቸጋሪው በኩል ማግኘት ነበረበት።

በ1985 ሲ ስፔንሰር የተባለ ፕሮግራመር ኦፋይልስ የሚል ፕሮግራም በዩዝኔት አሰራጨ። በዓመቱ በኢንዲያና የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሬይ ሙዲና ቪክ ኤቤል ኤፍስታት የተባለውን የራሳቸውን አወጡ፤ ከኦፋይልስ የተወሰደ ኮድም ነበረበት። ሁለቱም የሚሠሩት ከርነሉን ጠይቀው አይደለም፤ ኪሱን ፈትሸው ነው።

ፍተሻው እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ዲስክ ላይ ያለውን የከርነል ፋይል ከፍቶ የፕሮሰሶች ሰንጠረዥ በየትኛው የሜሞሪ አድራሻ እንደተቀመጠ ያነባል። ከዚያ የከርነሉን ሜሞሪ እንደ ፋይል የሚያሳየውን ኬሜም የተባለ ልዩ ፋይል ይከፍትና በቀጥታ ወደዚያ አድራሻ ይዘላል። ፕሮሰሶቹን አንድ በአንድ እያነሳ የየግላቸውን የክፍት ፋይሎች ሰንጠረዥ ይፈልጋል። ሜሞሪ ጠቦ ፕሮሰሱ ለጊዜው ወደ ዲስክ ተገፍቶ ከሆነ እዚያ ድረስ ሄዶ ከስዋፕ ውስጥ ያወጣዋል። ጠቋሚውን ተከትሎ ወደ ጋራው ሰንጠረዥ፣ ከዚያ ወደ አይኖዱ ይደርስና የዲስኩንና የአይኖዱን ቁጥር ከሚፈልገው ጋር ያስተያያል። ልክ ከሆነ የፕሮሰሱን ቁጥር ያትማል፣ ካልሆነ ወደ ቀጣዩ። ይህ ሁሉ ሲሆን ከርነሉ ቆሞ አይጠብቀውም፤ ፕሮሰስ ይወለዳል፣ ይሞታል፣ ፋይል ይዘጋል። ፕሮግራሙ አድራሻውን አንብቦ እዚያ እስኪደርስ በቦታው ሌላ ነገር ሊጠብቀው ይችላል።

ሌላም ጣጣ ነበረው። የከርነሉ አንድ ሰንጠረዥ በአዲስ እትም አራት ባይት ቢሰፋ ሁሉም አድራሻ ይዛነፋል፤ ፕሮግራሙ እንደገና እስኪጠናቀር ድረስ የማይረባ ነገር ይዘባርቃል። ኬሜምን ማንበብ የሚችል ሰው ደግሞ ሰው ሲተይበው የነበረውን የይለፍ ቃል ጭምር ማንበብ ይችላል። ስለዚህ መሣሪያው ልዩ ፈቃድ ተሰጥቶት ነበር የሚጫነው፤ ልዩ ፈቃድ ያለው ፕሮግራም ሁሉ ለሰርጎ ገብ ተጨማሪ በር መሆኑ አይቀርም።

ኤቤል ግን አልተወውም። ከእነዚህ ሁሉ ሥር የበቀለውን ኤልሶፍ የሚባለውን መሣሪያ ይዞ በ1990ዎቹ ወደ ሰን፣ ወደ አይቢኤሙ ኤአይኤክስ፣ ወደ ኤችፒ-ዩኤክስ፣ ወደ ሌሎችም የዩኒክስ ዘሮች አዛመተው። እያንዳንዱ ዘር የራሱ ሰንጠረዥ ስላለው የፍተሻው ክፍል ለየአንዱ ለብቻው መጻፍ ነበረበት፤ አንዱ ኩባንያ አዲስ እትም ባወጣ ቁጥር የኤቤል ሥራ እንደገና ይጀመራል። ኤፍዩዘር ይህን ፋይል ማን ያዘው ለሚል ይመልሳል። ኤልሶፍ ደግሞ በማሽኑ ላይ የተከፈተውን ሁሉ፣ ፋይሉን፣ ፓይፑን፣ የኔትወርክ ግንኙነቱን ሳይቀር፣ ከያዘው ፕሮሰስና ከባለቤቱ ስም ጋር በረጅሙ ያወርደዋል። አንድ ሰው ለአሥርት ዓመታት በዚህ ዓይነት ጥገና ላይ መቆየቱ በሶፍትዌር ታሪክ የሚገባውን ያህል አይነሳም፤ ለእኔ ግን ከብዙ ዝነኛ ፈጠራ ይበልጣል።

በ1991 ሮጀር ፎክነርና ሮን ጎምስ የኪሊያንን ሐሳብ በሲስተም ፋይቭ ልቀት 4 ላይ አስፋፍተው በዳላስ በተካሄደው የዩዝኒክስ ጉባኤ አቀረቡ። በቤል ላብራቶሪ የተሠራው ፕላን 9 የተባለው ሲስተም ደግሞ ነገሩን አንድ እርምጃ ወደፊት ወሰደው፤ እያንዳንዱ ፕሮሰስ ፋይል መሆኑ ቀርቶ በተራ ጽሑፍ የሚነበቡ ፋይሎች የሞሉበት ፎልደር ሆነ። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 የጀመረው ሊኑክስም ብዙ ሳይቆይ ይህንኑ መንገድ ያዘ።

አሁን ከርነሉ ስም መናገር ጀመረ። ሊኑክስ ላይ በፕሮክ ሥር የአንድን ፕሮሰስ ቁጥር ፎልደር ገብቶ ኤፍዲ የሚለውን የከፈተ ሰው 0፣ 1፣ 2፣ 3 እያለ የሚሄድ ዝርዝር ያገኛል፤ የየአንዳንዱ ቁጥር ቀስት ወደ ተከፈተው ፋይል ሙሉ ስም ይጠቁማል። ፕሮሰሱ የቆመበት ፎልደር በሌላ ቀስት፣ የሚያስኬደው ፕሮግራም በሌላ ቀስት ተቀምጧል። ሊሎ የተባለውን የሊኑክስ ማስነሻ የጻፈው ቨርነር አልመስበርገር ከ1993 ጀምሮ ፒኤስሚስክ በሚል ስብስብ ውስጥ ኤፍዩዘርን ለሊኑክስ ሲጽፍ ኬሜምን መንካት አላስፈለገውም። ፎልደር መዘርዘር፣ ቀስት መከተል፣ ማስተያየት ብቻ ነው። ፊደሎቹም በረከቱ፤ ኢ ለሚሮጥ ፕሮግራም፣ ትልቁ ኤፍ ለመጻፍ ለተከፈተ ፋይል፣ ኤም ወደ ሜሞሪ ለተዘረጋ ላይብረሪ። መሣሪያውን በኋላ የተረከበው ክሬግ ስሞል ነው።

ሥልጣን ሲቀል አደጋውም ቀረበ። ኬ የሚለው ምርጫ መላውን ዲስክ ከሚያስፈትሸው ትንሹ ኤም ምርጫና ከዲስክ ስም ጋር ሲሰጥ እዚያ ዲስክ ላይ ያለውን ሁሉ ያለ ማስጠንቀቂያ ይገድላል። ተጠቃሚው የሰጠው ስም የተሰካ ዲስክ ሳይሆን ተራ ፎልደር ቢሆንስ? ኤፍዩዘር ፎልደሩ ያለበትን ዲስክ ያስባል፤ ያም ብዙ ጊዜ ዋናው ዲስክ ነው፣ የሚሞተውም ማሽኑ ራሱ። በኋላ ትልቁ ኤም የሚል ምርጫ ተጨመረ፤ የተሰጠው ስም በእርግጥ የዲስክ መሰኪያ ካልሆነ ሥራውን አልጀምርም ይላል። መመሪያው ይህን ምርጫ ከመኪና ቀበቶ ጋር ያመሳስለዋል። ቀበቶው ግን ዛሬም ሳይታሰር ነው የሚመጣው፤ ይህ መገላበጥ ነበረበት ባይ ነኝ።

በ2000 አካባቢ ሊኑክስ ከሰርቨር ክፍል ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የተያዘ መሣሪያ ነገር የተራው ተጠቃሚ ራስ ምታት ሆነ። የድምፅ ካርዱ ዲኤስፒ የተባለ አንድ ፋይል ነበር፤ ብዙዎቹ ካርዶች ላይ አንድ ፕሮግራም ከከፈተው ሁለተኛው "ተይዟል" ይባላል። ዘፈን የከፈተ ሰው ቪዲዮው ድምፅ አልባ ይሆንበታል። ያኔ ኤፍዩዘርን በዲኤስፒ ላይ ማስኬድ ሁሉም የሚመካከረው ዘዴ ነበር፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጥፋተኛም ድምፅን ለሁሉም አካፍላለሁ ብሎ ከጀርባ የተቀመጠው የዴስክቶፑ የድምፅ አገልጋይ ራሱ ነው።

ሲዲውና ፍላሹ ደግሞ አልወጣ አሉ። ተጠቃሚው መስኮቶቹን ሁሉ ዘግቷል፤ ዩማውንት ግን እምቢ ይላል። ኤልሶፍ ሲጠየቅ ፎልደሮችን የሚከታተለውን የዴስክቶፑን አገልግሎት ያመለክታል። አዲስ ፋይል ሲጨመር ምስሉ መስኮቱ ላይ ወዲያው እንዲታይ ይህ አገልግሎት ዲኖቲፋይ የሚባለውን የከርነል ዘዴ ይጠቀማል፤ በዲኖቲፋይ ደግሞ ፎልደርን ለመከታተል ፎልደሩን ከፍቶ መያዝ ግድ ነው። ጠባቂው ራሱ ያዥ ሆነ። ጆን ማክከቻንና ሮበርት ላቭ ኢኖቲፋይን የሠሩት ይህን ጭምር ለመፍታት ነው፤ አዲሱ ዘዴ ዲስክን አያግትም፣ እንዲያውም ዲስኩ ሲነሳ ተነስቷል ብሎ ለተከታታዩ ይነግረዋል። በነሐሴ 2005 በወጣው ከርነል 2.6.13 ውስጥ ገባ፤ ያ ዓይነት አቤቱታም እየቀነሰ ሄደ።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ2001 ሌላ መውጫ ተከፍቶ ነበር። ዩማውንት ሰነፍ የሚባለውን መንገድ ተማረ፤ ዲስኩን ከዛፉ ላይ ወዲያው ይነቅለዋል፣ የያዙት ፕሮሰሶች ግን እስኪለቁ በስውር ይቀጥላሉ። ትዕዛዙ ስለተሳካ ሰውየው ዲስኩ ነፃ ወጣ ብሎ ያስባል። አልወጣም። ስሙ ስለጠፋ ደግሞ ያዡን መፈለግ ከበፊቱ ይብሳል። ከሞተ የኔትወርክ ዲስክ ለመገላገል ካልሆነ በቀር ይህን ምርጫ የሚያዘወትር የሲስተም አስተዳዳሪ ጥያቄውን አልመለሰም፣ ሸሸው እንጂ። የሞተ የኔትወርክ ዲስክ ላይ እንኳን ሌላው፣ ኤልሶፍ ራሱ መልስ ጥበቃ ተገትሮ ሊቀር ይችላል፤ አጣሪው ከተጣሪው ጋር ይታሰራል።

ሰርቨር ላይ ያለው ሰው የሚያውቀው ሌላ መልክ አለ። ዲስኩ ሞልቷል ይባላል። አስተዳዳሪው ግዙፍ የሎግ ፋይል አግኝቶ ይሰርዛል። ዲስኩ አሁንም ሙሉ ነው። ፎልደሮቹን የሚደምረው ዱ የተባለው ኮማንድ የተያዘው ቦታ ትንሽ ነው ሲል የመላውን ዲስክ ቦታ የሚዘግበው ዲኤፍ ደግሞ ሙሉ ነው ይላል። የሁለቱ ጠብ መነሻ ያው የ1975ቱ ቁጥር ነው፤ ስሙ ከፎልደሩ ጠፋ እንጂ ሎጉን የሚጽፈው ፕሮሰስ ስላልዘጋው ቁጥሩ ዜሮ አልደረሰም። ኤልሶፍን ስም አልባ ክፍት ፋይሎችን ብቻ አሳየኝ ሲሉት ያን ፋይል ተሰርዟል ከሚል ምልክት ጋር ያወጣዋል፤ ፕሮሰሱ እንደገና ሲነሳ ቦታው ይለቀቃል።

ዊንዶውስ ላይ ያዥን መፈለግ ለረጅም ጊዜ የውጭ ሰው ሥራ ነበር። ማርክ ሩሲኖቪችና ብራይስ ኮግስዌል ከ1990ዎቹ ጀምሮ ያሰራጯቸው ነፃ መሣሪያዎች፣ ሃንድልና ፕሮሰስ ኤክስፕሎረር፣ ይህን ክፍተት ሞሉ፤ ማይክሮሶፍት በ2006 ሥራቸውን ገዝቶ ሁለቱን ቀጠራቸው።

ሊኑክስ ላይ ስምና ቁጥር ታረቁ ለማለት ሲቃረብ ኮንቴይነር መጣ። ከ2002 ጀምሮ ከርነሉ ለተለያዩ ፕሮሰሶች የተለያየ የማውንት ዛፍ ማሳየት ይችላል፤ ዶከር የተባለው የኮንቴይነር መሣሪያ በ2013 ሲወጣ ይህ ችሎታ በየሰርቨሩ ሥራ ላይ ዋለ። አንድ አገልግሎት የራሱ ዛፍ ይዞ ሲነሳ በዚያ ቅጽበት የተሰኩት ዲስኮች ሁሉ ቅጂያቸው ከእሱ ጋር ይሄዳል። በኋላ አስተዳዳሪው በራሱ ዛፍ ላይ ዲስኩን ያነሳል፤ ይሳካለታል። ፎልደሩን ሊሰርዝ ሲል ግን የስህተት ቁጥር 16 ይመጣል። ኤፍዩዘርን ይጠይቃል፤ ባዶ። ኤልሶፍን ይጠይቃል፤ ባዶ። ማንም ፋይል አልከፈተም፣ ማንም እዚያ አልቆመም፤ የያዘው በሌላ ዛፍ ላይ የቀረው የማውንት ቅጂ ነው። ያኔ ሁለቱንም መሣሪያ ትቶ በየፕሮሰሱ የፕሮክ ፎልደር ውስጥ ያለውን ማውንትኢንፎ የተባለ ፋይል በሙሉ ግሬፕ በሚባለው የጽሑፍ መፈለጊያ ኮማንድ ማበጠር ግድ ይላል። የዲስኩ ስም የተገኘበት ፕሮሰስ ብዙውን ጊዜ ከዲስኩ ጋር ምንም ጉዳይ የሌለው፣ ከሳምንታት በፊት የተነሳ አገልግሎት ነው።

ኤሪክ ቢደርማን የሠራው ለውጥ በ2014 መጨረሻ በከርነል 3.18 ውስጥ ገባና ከርነሉ በሌላ ዛፍ ላይ ብቻ የቀረ ማውንት ፎልደር ከመሰረዝ እንዳያግድ አደረገ። ብዙ ድርጅት የሚሠራበት ሬድ ሃት 7 ግን በከርነል 3.10 ላይ የተመሠረተ ስለነበር ለውጡን ያገኘው በ2017 በወጣው 7.4 ነው፤ ያም ቢሆን የሲስተም አስተዳዳሪው ራሱ ማብራት ያለበት መቀየሪያ ሆኖ። የሬድ ሃት 7 መደበኛ ድጋፍ የተቋረጠው በሰኔ 2024 ሲሆን፣ ኤልሶፍም ከዚያ ቀደም ብሎ በ2010ዎቹ መጨረሻ ከኤቤል እጅ ወጥቶ በፈቃደኞች ቡድን መጠገን ጀምሯል።